የኔትወርክ ሉፕን በስፓኒንግ ትሪ እንዴት መከላከል ይቻላል?

ጅማ መርካቶ አካባቢ ካለ አንድ የቡና ነጋዴ ቢሮ ተደወለልኝ። «ኢንተርኔቱ ሞቷል» አሉኝ። ስደርስ የስዊቹ (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘው ሣጥን) መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ፣ ያለ እረፍት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ይሄን ስታዩ መጀመሪያ ሉፕን፣ ማለትም ዳታ ሳይቆም የሚሽከረከርበትን ክብ መንገድ ጠርጥሩ። ቢሮው ሲጸዳ ወለል ላይ የወደቀ ኬብል ነበር። አንድ ሰው በቅንነት አንስቶ ባዶ ፖርት ላይ ሰክቶታል። ሌላኛው ጫፉ ግን እዚያው ስዊች ላይ ነበር።

አይፒ ፓኬት (በኢንተርኔት የሚላክ የዳታ ጥቅል) በየራውተሩ የሚቀንስ ቁጥር አለው፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ስዊቾች የሚያስተላልፉት ጥቅል፣ የኢተርኔት ፍሬም፣ ይሄ የለውም። ሉፕ ውስጥ የገባ ብሮድካስት (ለሁሉም የሚላክ መልእክት) ኬብሉ እስኪነቀል ይዞራል፣ ይባዛል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓኒንግ ትሪን የፈጠረችው ለዚህ ነው። ስዊቾቹ በየ2 ሰከንዱ መልእክት እየተላላኩ አንዱን ዋና፣ ማለትም ሩት አድርገው ይመርጣሉ። ወደ እሱ የሚወስደውን የተሻለ መንገድ ይይዙና ትርፉን ፖርት ይዘጋሉ። ዋናው መንገድ ሲቆረጥ የተዘጋው ይከፈታል።

መጀመሪያ የትኛው ስዊች ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ወረቀት ላይ ሳሉ። ከዚያ ስዊቾቻችሁ ማኔጅድ (ሴቲንጋቸው የሚስተካከል) መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ርካሾቹ አብዛኞቹ ስፓኒንግ ትሪ የላቸውም። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሁሉም ላይ ራፒድ የሚለውን፣ ፈጣኑን የስፓኒንግ ትሪ ዓይነት ምረጡ። የድሮው ዓይነት መንገድ ለመቀየር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። ራፒዱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ሩቱን ራሳችሁ ምረጡ። የሁሉም ስዊች ፕራዮሪቲ (ሩት ሲመረጥ የሚወዳደርበት ቁጥር) ከፋብሪካ ሲወጣ 32768 ነው። እኩል ሲሆኑ ትንሹ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያለው ያሸንፋል፤ ያ ደግሞ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣው አሮጌ ስዊች ሊሆን ይችላል። እሱ ሩት ከሆነ የቢሮው ትራፊክ በእሱ በኩል መዞር ይጀምራል። ስለዚህ ራውተሩ የተሰካበትን ጠንካራ ስዊች 4096 አድርጉት፣ ተጠባባቂውን 8192። ቁጥሩ የ4096 ብዜት መሆን አለበት፤ ትንሽ ቁጥር ያሸንፋል።

ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚሰካባቸው ፖርቶች ላይ ኤጅ ፖርትን (ፖርቱ ሳይጠብቅ ወዲያው ሥራ እንዲጀምር ያደርጋል፤ ሲስኮ ላይ ፖርትፋስት ይባላል) እና ቢፒዲዩ ጋርድን (የስፓኒንግ ትሪ መልእክት ሲመጣበት ፖርቱን የሚዘጋ) አብሩ። አንድ ሰው እዚያ ስፓኒንግ ትሪ ያለው ስዊች ቢሰካ ፖርቱ ወዲያው ይዘጋል። ስዊችን ከስዊች በሚያገናኝ ፖርት ላይ ግን በፍጹም እንዳታደርጉት።

ሲያልቅ ሞክሩት። ከአንድ ኮምፒውተር ፒንግ (የግንኙነት መሞከሪያ) እያስኬዳችሁ፣ ሁለት ስዊቾችን በሁለት ኬብል ካገናኛችሁ ሥራ ላይ ያለውን ኬብል ንቀሉ። ትንሽ ተቋርጦ ከቀጠለ ተጠባባቂው ገብቷል ማለት ነው። ኬብሉን መልሱና ሴቲንጉን ሴቭ አድርጉ። ሴቭ ካላደረጋችሁት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሥራችሁን ከዜሮ ትጀምራላችሁ።