አደይ ሳይረግፍ፦ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች በአስጎብኚ የሚደረግ የእግር ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

አደይን ተራራ ላይ ለማየት ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በእንቁጣጣሽ ማግስት ነበር። ልጆች አበባ ይዘው በየደጁ ሲዞሩ አይቼ፣ ተራራውማ እንዴት አምሮ ይሆን ብዬ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጉም አይቼ ተመለስኩ። አስጎብኚው ገደል አፋፍ ላይ አቁሞኝ «እዚያ ማዶ ያለው አምባ...» እያለ በጣቱ ነጭ ግድግዳ ያሳየኛል፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ስለዚህ ከጫማውም ከድንኳኑም በፊት ቀኑ ይቅደም።

ቀኑን ምረጡ

ጃፓኖች በመጸው ወራት ቅጠል ሲቀላ ለማየት ተራራ ይወጣሉ፤ ቀለሙ የትኛው አገር መቼ እንደሚደምቅ የሚናገር ትንበያም በየዓመቱ ይወጣላቸዋል። እዚያ ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ቅጠሉ አረንጓዴነቱን ያጣል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የኖረው ቢጫ ይገለጣል፣ ቀዩ ደግሞ በዚያው ሰሞን ይፈጠራል። በእኛ አገር የቀንና የሌሊት ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለያይም፤ የተራራው ዛፍ አስታም ክረምት ከበጋ አረንጓዴ ነው። የእኛ ተራራ መልኩን የሚቀይረው በአበባና በሣር ነው።

ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ትለዋለች። እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 15 ድረስ ያለውን እመርጣለሁ። ዝናቡ እየቆመ ነው፣ አየሩ ታጥቦ ጠርቷል፣ ጅረቱ ገና ሙሉ ነው፣ ሣሩም አልደረቀም። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ወርቃማ መሆን ይጀምራል። ያም ያምራል፤ አደይ ፍለጋ ለመጣ ሰው ግን አርፍዷል።

ምን ያህል ቀን አላችሁ?

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሰሜን ተራሮችን ተዉትና ኮሶዬ ሂዱ። በደባርቅ መንገድ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአፋፉ ላይ ቆላው ከእግራችሁ ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ሦስት ወይም አራት ቀን ካላችሁ ግን አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ግቡ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከመነሳታችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት የመንገዱን ሰላም ከዚያው አካባቢ ሰው ጠይቁ፤ ዛሬ ከመጣ ሾፌር የተሻለ መረጃ የለም።

አስጎብኚውን አነጋግሩ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ተመዝግባችሁ የመግቢያ ትከፍላላችሁ፤ አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ዕቃ የሚጭን በቅሎና ባለ በቅሎ የሚገኙትም እዚያው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዋጋ ብቻ ተከራክሮ ይወጣል። እኔ የምመክረው ሌላ ክርክር ነው። አስጎብኚውን «አሁን ግጭ ላይ ምን አብቧል?» ብላችሁ ጠይቁት (ግጭ በሁለተኛው ቀን የምትወጡበት ቦታ ነው)። በቅርቡ የወጣ ሰው ሳያመነታ ይነግራችኋል፦ አደዩ የትኛው ተዳፋት ላይ እንደበዛ፣ የአሜጃው ቢጫ አበባ መፍካት አለመፍካቱን፣ የትኛው ጅረት ገና እንደማይሻገሩት። «ሁሉም ቆንጆ ነው» ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ቀጥሎ ሂሳቡን አጥሩ። የስንት ቀን ነው? የአስጎብኚው፣ የስካውቱና የባለ በቅሎው ቀለብ በማን ነው? ባለ በቅሎው ወደ ደባርቅ የሚመለስበት ቀን ይታሰብለታል? ይህን ደባርቅ ላይ ሻይ እየጠጡ መነጋገር ቀላል ነው፤ ማታ በብርድ ድንኳን ደጃፍ ላይ ሲሆን ግን ያስቀይማል። ስካውቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር ገበሬ ነው፤ በዕድሜ ከገፋ «ጋሼ» በሉት፣ እሳት ሲነድም ጠጋ አድርጉት። እኔ ከሱ የሰማሁትን ያህል ከማንም አልሰማሁም።

ዕቃ

ብዙ አያስፈልግም። የተለማመዳችሁት ጫማ (አዲስ ጫማ የመጀመሪያው ቀን መድረሻ ሳንቃ በር ሳትደርሱ ተረከዝ ይልጣል)፣ የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ባርኔጣ፣ የእጅ ባትሪ፣ በሶና ቆሎ። ጋቢ ይዛችሁ ውጡ። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

አካሄዱ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600 ሜትር ይደርሳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የእግር ጉዞው ከሚጀመርበት ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃ በር ያለውን አጭር መንገድ ብቻ በዝግታ ሂዱ። ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታት ቀለል ያለ ከሆነ ውኃ ጠጥቶ ማረፍ ነው፤ ማስመለስና መንገዳገድ ከተከተለ ግን ክርክር የለም፣ መውረድ ነው። አስጎብኚው «እንመለስ» ሲል እሺ በሉ።

በሁለተኛው ቀን ከሳንቃ በር ወደ ግጭ ማልዳችሁ ተነሱ፤ ረፋድ ላይ ጉም ከቆላው ሊነሳ ይችላል። መንገዱ የጂንባር ፏፏቴ ወደሚታይበት አፋፍ ያወጣል። በዚህ ወቅት ውኃው ገና ብዙ ነው፤ በበጋ የመጣ ሰው የሚያየው ክር ነው። ከዚያ ሽቅብ ወደ ግጭ ስትወጡ የእግራችሁ ጠረን ይለወጣል፦ የምትረግጡት ጦስኝ ነው። ቆም በሉና አንዷን አደይ ተጎንብሳችሁ እዩ፤ ሳትቀጥፏት። አንድ አበባ የምትመስለው የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት። ዳር ዳሩን የከበቡት ቢጫ ቅጠሎች ለጥሪ ናቸው፤ መሃሏ ላይ እንደ ክብሪት ራስ የተሰገሰጉት እያንዳንዳቸው ለየብቻ አበባ ናቸው። ጠዋት ከሆነ ጤዛው እዚያ መሃል ላይ ተቋጥሮ ታገኙታላችሁ።

ግጭ ላይ ከጓሳው መሃል የቆመውን ጅብራ ታያላችሁ። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ኖሮ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም አበባ ያወጣና ይሞታል። አመድማ ሆኖ የቆመ ግንድ ካያችሁ የዚያ ቅሪት ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም አይጠፉም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሣር ሲነጩ ድምፃቸው ዝናብ ይመስላል። ቀረብ ብሎ መቀመጥ ይቻላል፤ ምግብ መስጠት ግን ክልክል ነው።

በሦስተኛው ቀን እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ወጥታችሁ ወደ ጨነቅ ውረዱ። እሜት ጎጎ ላይ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ተቀመጡ፤ በሦስት በኩል ገደል ነው፣ ፎቶ የሚነሳ ሰው ወደ ኋላ አይራመድ። ጨነቅ አካባቢ ዋልያን የማየት ዕድል አለ፣ በተለይ በማለዳ። ጉልበት የተረፈው በማግስቱ ቧሂትን ይሞክር፤ 4,430 ሜትር ነው፣ እዚያ ግን አበባው ሳስቶ ድንጋዩ ይበዛል።

ከጨነቅ ደባርቅ በመኪና ትመለሳላችሁ። መኪናውን ከደባርቅ ሳትነሱ ተዋዋሉ፤ ጨነቅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና የለም። የባለ በቅሎውንም ሂሳብ ወደ መኪናው ሳትገቡ ዝጉ፤ እሱ በቅሎውን እየነዳ በእግሩ ነው የሚመለሰው።