በእርግዝናና በሕክምና ወቅት ቆዳ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

አርግዘው ወይም መድኃኒት ጀምረው ፊትዎ ከተለወጠ፣ «ምን ልቀባ?» ከማለትዎ በፊት አራት ነገር ይመልከቱ። መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት አዲስ ክኒን፣ መርፌ፣ ቅባት ወይም ሳሙና ጀምረው ነበር? ያሳክካል ወይስ ያማል? የወጣውስ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው ወይስ ጥቁር ነጥቡ፣ መግል የያዘውና ያበጠው ተደባልቋል? ተራ ብጉር የተደባለቀ ነው። ባንድ ጊዜ ግር ብሎ የወጣ፣ እኩል እኩል የሆነና የሚያሳክክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የብጉር ቅባት ቢደራርቡበት ቆዳውን ከማቃጠል አያልፍም።

«ካረገዝኩ ወዲህ አገጬና መንጋጋዬ በብጉር ተሞላ»

መንስኤው ሆርሞን ነው። ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች ሥራቸው ይጨምራል፤ ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ተደባልቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። አለመታጠብ አይደለም፤ ስለዚህ በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና መፈተግ አያጠራውም። ጠዋትና ማታ በለስላሳ ማጠቢያ ይበቃል።

በእርግዝና ጊዜ ከሚፈቀዱት ውስጥ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ አንዱ ነው። 2.5 ወይም 5 በመቶ የሆነውን ይምረጡ፤ 10 በመቶው የሚበልጠው በማድረቅ ነው። ማታ ፊት ከደረቀ በኋላ ስስ አድርገው ይቀቡት። ጨርቅ ያነጣልና የነጠላዎን ጥለትና የትራስ ልብስዎን ይጠብቁ። ለጠይምና ለጥቁር ፊት ግን እኔ የማስቀድመው ከ15 እስከ 20 በመቶ የሆነ አዜላይክ አሲድን ነው፤ ብጉሩንም፣ ብጉሩ ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ምልክትም ያክማል። መግል ከበዛበት ሐኪም የሚቀባ ክሊንዳማይሲን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ያዛል። የትኛውም ቢሆን ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ «አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ መዝለል ፊትን ያስቆጣል።

የሚቆሙት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን፣ ታዛሮቲን ወይም ሬቲኖል የሚል የተጻፈበት ቅባት ካለዎት ያስቀምጡት። እርግዝናውን ሳያውቁ አዳፓሊን ተቀብተው ከነበረ አይደንግጡ፤ በቆዳ አልፎ ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው፤ ያቁሙና በክትትልዎ ቀን ይናገሩ። የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የፅንሱን ጭንቅላት፣ ፊትና ልብ አፈጣጠር ያዛባል። እየዋጡ ያረገዘ ሰው ቀጠሮ ሳይጠብቅ ያዘዘለት ሐኪም ጋ መሄድ አለበት፤ ልጅ የሚያስቡም ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ያቆሙታል። ለብጉር የሚሰጡት ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊንም የሕፃኑን ጥርስ ቀለም ስለሚያበላሹ በእርግዝና ጊዜ አይወሰዱም። ከዘመድ ቤት የተረፈ ክኒን መዋጥ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

«የወጣብኝ ግንባሬ ላይ፣ ከፀጉሬ ጠርዝ ጋር ነው»

የፀጉር ቅቤና ቅባት ወርዶ ነው። አራስ ቤት ይሄ የተለመደ ነው። ቅቤውን መተው የግድ አይደለም፤ ከፀጉር መስመር ራቅ አድርገው ይቀቡ፣ ሲተኙ ሻሽ ይሰሩ፣ ግንባርዎን ጠዋት ይታጠቡ። ጥቃቅን ሆኖ የሚያሳክክ ከሆነ፣ በተለይ ጀርባና ደረት ላይም ካለ፣ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ አንቲባዮቲክ ወይም ስቴሮይድ (የሰውነትን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ከወሰዱ በኋላ ይመጣል። የኬቶኮናዞል ሻምፖ አረፋ 5 ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

«ጉንጬና የላይኛው ከንፈሬ ላይ ማዲያት ወጣ»

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት አለብኝ፤ ከብጉሩ ይልቅ ሰው ፊቱን የሚያበላሸው ማዲያት ለማጥፋት ሲታገል ነውና።

ማዲያትን የሚጀምረው ሆርሞን፣ የሚያጠቁረው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የጨረሩ ኃይል 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስላል፣ ይጎዳል። ጃንጥላና ባርኔጣ መድኃኒት ናቸው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሲገዙ ኤስፒኤፍ (SPF፣ የመከላከል አቅሙን የሚነግረው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከተቻለም የቆዳ ቀለም ያለው ይሁን፤ ቀለም የሚሰጠው ብረት ኦክሳይድ ማዲያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃን ጭምር ይከለክላል፤ ነጩ ክሬም ይህን አይችልም። ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይደገማል። ከዚህ ጋር አዜላይክ አሲድ ይበቃል። ብዙ ሴቶች ላይ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት እየፈዘዘ ይሄዳል።

አይቀቡ የምለው፦ ሃይድሮኩዊኖን፣ ምክንያቱም ከተቀባው ሲሶ ያህሉ ወደ ደም ይገባል። ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ፣ ምክንያቱም ኩላሊትን ይጎዳል፣ የፅንሱንም አንጎል ይነካል። ሎሚም አይቀቡ፤ ሎሚ የተቀባ ፊት ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ የሚተወው ጥቁረትም ከማዲያቱ ይብሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ በባዶ ዕቃ ተቀላቅሎ የሚሸጠው፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም። ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን፣ ማለትም ብርቱ ስቴሮይድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ስለሚያጠራ ነው ሰው ለጓደኛው የሚመክረው። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይፈላል፤ ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ተመልሰው ይገዙታል። ብርቱ ስቴሮይድ በእርግዝና ጊዜ በብዛት መቀባት ከሕፃኑ ክብደት ማነስ ጋርም ይያያዛል።

ለወራት ሲቀቡት ከቆዩ፣ ሲያቆሙ ፊትዎ መቆጣቱ የሚጠበቅ ነው እንጂ ክሬሙ እንደሚያስፈልግዎ ምልክት አይደለም። ዕቃውን ይዘው የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ። መላ ሰውነትዎን ሲቀቡ ከነበረ ግን በራስዎ ባንዴ አያቁሙ፤ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

«ቆዳዬ ደረቀ፣ ሆዴ ያሳክከኛል»

ሆድ ሲለጠጥ ማሳከኩ ያለ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ አየር፣ በዓረብ አገር ኤሲ፣ በአውሮፓ የክረምት ማሞቂያ ያብሱታል። የልብስ ሳሙናና ጠንካራ የገላ ሳሙናም የቆዳን መከላከያ ያጥባሉ። ለብ ባለ ውሃ ባጭሩ ይታጠቡ፤ ሳሙና ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ይበቃል። ፎጣውን ጠቅ ጠቅ አድርገው ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይቀቡ። ውዱ ሎሽን ከቫዝሊን የሚበልጠው በመዓዛው ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ለተሰነጠቀ ተረከዝ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ይሻላል። ወይባ ለሚወዱ፦ ሙቀቱ ቆዳን ያደርቃል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሰውነትን እጅግ ማጋል ለፅንሱ አይመከርም።

አንድ ማሳከክ ግን በቫዝሊን አይታለፍም። ሽፍታ ሳይኖር መዳፍና ውስጥ እግር የሚያሳክክ፣ ማታ የሚብስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የሚመጣ ከሆነ፣ ሐሞት በጉበት ውስጥ መፍሰሱ ተስተጓጉሎ ሊሆን ይችላል። ሽንት ከጠቆረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በፅንሱ ላይ አደጋ ስላለው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሄደው የጉበትና የቢል አሲድ (የሐሞት አሲድ) የደም ምርመራ ይጠይቁ።

«መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ነው»

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድ፣ ፕሬድኒሶሎንና የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኒቶይን ብጉር መሰል ሽፍታ ያወጣሉ። ደረትና ጀርባ ላይ እኩል እኩል ሆኖ፣ ጥቁር ነጥብ ሳይኖረው ይወጣል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ የተቋረጠ የነቀርሳ ሕክምና ከብጉር የከፋ ነው። ያሳዩ፣ በቅባት ይታገዛል። ከወሊድ በኋላ አልሄድ ያለ ብጉርም በክንድ ከተቀበረው የወሊድ መከላከያ ወይም ከሦስት ወሩ መርፌ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ይጥቀሱ።

ለካንሰር ኤርሎቲኒብ ወይም ሴቱክሲማብ ሲወሰድ ፊት ላይ የሚወጣው ብጉር ቢመስልም ብጉር አይደለም፤ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያደርቀዋል፣ ያሳምመዋል። ካፔሲታቢን የሚወስዱ ሰዎች መዳፍና ውስጥ እግራቸው ይቀላል፣ ያማል፦ ጠባብ ጫማና ሙቅ ውሃ ይተው፣ ዩሪያ ያለው ክሬም ይቀቡ፤ መራመድ ካስቸገረ ሐኪሙ መጠኑን ስለሚያስተካክል ሳይውል ሳያድር ይነገር። ጨረር የሚወስዱ ደግሞ ያንን ቦታ በለስላሳ ሳሙና ታጥበው በቀስታ ያደርቁ፤ ሽቶና ፕላስተር አይነካው።

መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ትኩሳት፣ የአፍ ወይም የዓይን ቁስለት፣ ውሃ የሚቋጥር ወይም የሚላጥ ቆዳ ከመጣ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ኮትራይሞክሳዞል፣ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና አሎፑሪኖል ለሞት የሚያደርስ እንዲህ ያለ አለርጂ ሊያመጡ ይችላሉ። ይህ ሲታይ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፤ የሚወስዱትን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ።