ዲሲሲ ሐዲድ ላይ የሚርገበገበው የፉርጎ መብራት

የሞዴል ባቡሬ በዲሲሲ (ኃይልና ዲጂታል ትእዛዝ አንድ ላይ በሐዲዱ የሚልክ ሥርዓት) ነው የሚሠራው። የመንገደኛ ፉርጎዎቹ የውስጥ ኤልኢዲ ሐዲድ ማቀያየሪያ ላይ ሲደርስ ብልጭ ድርግም ይላል። ሐዲዱንም መንኮራኩሩንም በአልኮል ወለወልኩ። ትንሽ ተሻለው፣ ከዚያ ያው።

የሐዲዱን ተለዋዋጭ ከረንት ወደ ቀጥታ ከሚለውጠው ብሪጅ ሬክቲፋየር ቀጥሎ 470 ማይክሮፋራድ፣ 25 ቮልት ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያከማች) ጨመርኩ። አንድ ፉርጎ ብቻ ሲሆን ሰላም ነው። ሁሉም ሲደረደሩ ግን ቡስተሩ (ለሐዲዱ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ሾርት መስሎት ኃይል ይቆርጣል። ለካ ባዶ ካፓሲተሮች ሲሞሉ አንዴ ብዙ ከረንት ይስባሉ።

መፍትሔው፦ በሬክቲፋየሩ ፕላስና በካፓሲተሩ ፕላስ እግር መካከል 100 ኦም ሬዚስተር በየድኩ። ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን 1ኤን4148 ዳዮድ (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ጥቁር መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ሬክቲፋየሩ። ካፓሲተሩ ሲሞላ በሬዚስተሩ ቀስ ይላል፤ ሲለቅ በዳዮዱ ያልፋል። 15 ቮልት ላይ አንድ ካፓሲተር ሲሞላ የሚስበው ከ150 ሚሊአምፔር አይበልጥም። የካፓሲተሩን ማይነስ ግን ሁለቴ እዩ፤ ከተገለበጠ ይፈነዳል።