የፋሲካ ቅርጫ በትንሽ ቢሮ፦ ከሁዳዴ መግቢያ እስከ ሰኞ ጠዋት

እኛ ቢሮ ጥበቃና ፅዳት ጨምሮ 14 ሰው ነን፣ ላለፉት ስድስት ፋሲካዎች ቅርጫውን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች "ስንት ሆነን ነው ሰንጋ የምንጥለው" ብለው ይተዉታል፣ እኔ ግን ቅርጫ የሚያምረው ትንሽ ቢሮ ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፣ ማን ጨጓራ እንደሚወድ ማን ቅልጥም ለናቱ እንደሚወስድ ይታወቃል። ግን ካልተዘጋጁበት ደሞ ትንሽ ቢሮ ውስጥ የተኮረፈ ሰው ዓመቱን ሙሉ ፊት ለፊታችሁ ነው የሚቀመጠው። ስለዚ እኛ እንዴት እንደምናደርገው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነገር ሀሳቡ መነሳት ያለበት የሆሳዕና ሳምንት ሳይሆን ሁዳዴ ሲገባ ነው። ጾሙ 55 ቀን ስለሆነ በመሀል ሁለት ደሞዝ ይወጣል ማለት ነው፣ ለምሳሌ በ2018 ጾሙ የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ፣ የየካቲትና የመጋቢት ደሞዝ መሀል ላይ ነበሩ። በ2019 ደሞ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፣ ሰው የመጋቢት ደሞዙን ጨርሶ የሚያዝያን የሚጠብቅበት ሰዓት ስለሆነ ቀድሞ ያልተሰበሰበ ብር አይገኝም። በእጅ መሰብሰብም ይቅርባችሁ፣ ፋይናንሷን አስፈቅዳችሁ ከደሞዝ በሁለት ጊዜ ይቆረጥ፣ ማንም ማንንም "ብሩስ?" ብሎ አይጠይቅም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ለማስላት እንዲመች በሬው 120 ሺህ ብር ቢሆንና 12 መደብ ብታወጡት አንዱ መደብ 10 ሺህ ነው፣ እዛ ላይ ለአራጅ፣ ለመኪና፣ ለድርቆሽ፣ ለሸራ የሚሆን ትንሽ ጨምሩ፣ ከተረፈ ይመለሳል፣ ካነሰ ግን በበዓል ዋዜማ ብር አምጡ ማለት በጣም ከባድ ነው። ሙሉ መደብ የሚከብደው ሰው ከሌላ ጋር ግማሽ ግማሽ ይገባል፣ ላጤ የሆነና ፍሪጅ የሌለውም እንደዛው። እና አደራ፣ "ማን ይገባል" የሚለውን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትጠይቁ፣ አንድ በአንድ ጠይቁ። በዛ ወር ብር ያጠረው ሰው አስራ ምናምን ሰው ፊት "እኔ አልችልም" ብሎ ለመጻፍ መገደድ የለበትም።

አንድ ህግ ግን ከመጀመሪያው ተናገሩ፣ ስሙን ያስመዘገበ ሰው ከወጣ ተተኪውን ራሱ ያመጣል። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ቀን ሲቀር ሁለት ሰው ወጣብን፣ አንዱ ከገጠር በግ ተልኮለት ሌላኛው ደሞ ሌላ ችግር ገጥሞት፣ በሬው ተገዝቷል፣ የነሱን ለቀሪዎቹ ስናከፋፍል አንዲት ልጅ ላይ የደረሰው ጭማሪ የልጇን የበዓል ልብስ የሚገዛ ነበር። ያኔ ደብዳቤ የሚመስል ነገር ባናዘጋጅም አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስምና ፊርማ ማድረግ የጀመርነው ከዛ በኋላ ነው።

ጥበቃውና የፅዳት ሰራተኛዋስ? ይሄ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ብዙ ቢሮ ለነሱ ዘይትና እንቁላል ይሰጥና ስጋው ሲከፋፈል በር ላይ ቆመው ያያሉ። እኛ ስራ አስኪያጁን የበዓል ስጦታ በጀት ከመወሰኑ በፊት አናግረን ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ መደብ ድርጅቱ እንዲገባላቸው አደረግን፣ ለድርጅቱ ከዘይቱ ብዙም አልራቀም። "ጋሼ የርሶም መደብ አለ፣ ዕጣ ያውጡ" ስንላቸው ጥበቃችን ካፖርታቸውን አስተካክለው ከሰልፉ መሀል ገቡ።

ሙስሊም ባልደረቦቻችሁን ደሞ ከመጀመሪያው እቅድ ውስጥ አስገቧቸው። የክርስቲያን እርድ እንደማይበሉ ሁሉም ያውቃል፣ ችግሩ "እነሱ አይበሉም" ተብሎ እዛው ላይ ማለቁ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁላችንም ስለ በሬው እያወራን አንዷ ባልደረባችን ቦርሳዋን ይዛ ቀስ ብላ ስትወጣ አየኋት፣ በነጋታው "እህቴ ምን ብናደርግ ይሻላል" ብዬ ስጠይቃት "ለአረፋ እንደዚሁ ከደሞዝ እየተቆረጠ ብትይዙልን ይበቃናል" አለች። በቃ፣ ከዛ ወዲህ ለአረፋም ያው አሰራር ነው፣ እነሱ በግ ይገዛሉ፣ ድርጅቱ ለፋሲካ የሚደጉመውን ያህል ለአረፋም ይደጉማል።

ጾሙ ላይ እያለንም አብሮ መብላት ይቻላል። በ2017ም በ2018ም ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ነው የገቡት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው ጭር ይላል፣ ግማሹ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል፣ ሌላው መግሪብ ይጠብቃል። (ስብሰባ የምትጠሩ አለቆች እባካችሁ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ አትጥሩ፣ ጠዋት ጨርሱት።) አንድ ሐሙስ ታዲያ ምሽት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ የስብሰባ ጠረጴዛው ላይ ቴምር፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ሾርባና ሻይ አደረግን። የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ጾም ይሆናል፣ ሾርባውም ቅቤና ስጋ የሌለበት የአትክልት ነበር፣ አዛኑ ሲሰማ ሁሉም ከአንድ ሳህን አነሳ። ወጪው ትንሽ ነው፣ እኔ ግን ከሰንጋው እኩል የማስታውሰው እሱን ነው።

ወደ በሬው እንመለስ። ከአዲስ አበባ የከብት ገበያዎች ሸጎሌም ካራም አቃቂም ሂዱ፣ በሬ የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ ግን አትሂዱ፣ ብዙ ጊዜ ገጠር ያደገ አንድ ሹፌር ወይ ጥበቃ አይጠፋም። ጀርባው ሰፋ ያለ፣ ሻኛው የሞላ፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ፣ ዓይኑ ንቁ የሆነ ይፈለጋል፣ ደሞ አስነስታችሁ አስኪዱት፣ የሚያነክስና የሚያስል አትንኩ። ሆዱ ብቻ ተወጥሮ ጎኑ ላይ አጥንት የሚቆጠር ከሆነ ጨው በልቶ ውሃ የተሞላ ሊሆን ይችላል። አጥንቱም ውስጡም ወጥቶ የሚቀረው ስጋ ከቁሙ ክብደት ከግማሽ በታች መሆኑን አስቡና ተከራከሩ። እኛ ከበዓሉ አራት አምስት ቀን በፊት እንገዛለን፣ ዋዜማው ላይ ዋጋው ስለሚንር። ግን የሚያድርበት ቦታ፣ ድርቆሽና ውሃ ያስፈልገዋል፣ ግቢው ኪራይ ከሆነ ደሞ አከራዩን አስፈቅዱ። ቦታ ከሌላችሁ ቄራ ማሳረድ ይሻላል።

ከመታረዱ በፊት ያለውን ሌሊት መኖ አይሰጠውም፣ ውሃ ብቻ። አራጁን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ያዙ፣ በፋሲካ ሌሊት ጥሩ አራጅ ሦስት አራት ቦታ ነው የሚጠበቀው። እኛ እሁድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው የምናሳርደው፣ ያኔ ጾሙ ተፈቷል፣ ሰውም ከቤተክርስቲያን ተመልሷል። ቅዳሜ የሚያሳርዱም አሉ፣ ግን ያኔ ጉበቱን እያዩ አለመቅመስ ነው። የእንስሳት ሐኪም ስጋውን ቢያየው በጣም ጥሩ ነው፣ ካልተቻለም ስጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነጭ ነገር ካያችሁ ኮሶ ነው፣ ጥሬውን እንዳትነኩት፣ ጉበቱ ላይ ትል ከታየ ደሞ ጉበቱን ጣሉት፣ ለማንም አትስጡ።

አሁን ዋናው ነገር፣ አመዳደቡ። ንጹህ ሸራ ይነጠፋል፣ ላዩ ላይ ኮባ ቢኖር ደስ ይላል፣ የመደቡ ቁጥር ያህል ቦታ ይለያል። ስህተት የሚሰራው ስጋውን በጅምላ ቆራርጦ በግምት መከመር ላይ ነው። እያንዳንዱ ብልት ለብቻው 12 ቦታ መከፈል አለበት፣ ሽንጡ 12፣ ታላቁ 12፣ ታናሹ 12፣ ዳቢቱ፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው እንደዛው፣ ሻኛው ስስ ስስ ተደርጎ ለሁሉም ይደርሳል። ጨጓራና ጉበቱ ለዱለት እንዲሆን አንድ ላይ ይመደባል። ቅልጥሙ ግን ለሁሉም አይደርስም፣ በፋስ ይሰበርና ቅልጥም ያልደረሰው መደብ ላይ ሌላ አጥንት ከነስጋው ይጨመራል። አንድ ዓመት ሻኛውን ረስተን መጨረሻ ላይ ለአራት መደብ ብቻ አደረስነው፣ ሁለት ሰዎች እስከ ጰራግሊጦስ ሰላምታ አልተለዋወጡም። ሚዛን አምጥቶ መመዘን ይቻላል፣ እኛ ግን በዓይን ነው፣ ከዛ አራጁ ያልሆነ ሰው ዞሮ አይቶ ከዚህ ያነሳል እዛ ያደርጋል፣ "ተስተካክሏል?" ይባላል፣ ሁሉም "ተስተካክሏል" ካለ በኋላ ነው ዕጣው የሚወጣው።

ዕጣውን በወረቀት አታድርጉት፣ ይረጥባል። ሁሉም ከኪሱ አንድ ነገር ይሰጣል፣ ቁልፍ፣ ክብሪት፣ እስክሪብቶ፣ የቢሮ ባጅ፣ ፍላሽ። እቃው የማን እንደሆነ ያላየ ሰው፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የአንዳችን ልጅ፣ ፊቱን አዙሮ ቆይቶ ይጠራና እያንዳንዱን መደብ ላይ አንድ አንድ ያስቀምጣል። ያው እቃችሁ ያረፈበት የናንተ ነው፣ አለቃም ቢሆን መቀየር የለም። ቆዳው ከተሸጠ ብሩ ለአራጁ ጉርሻ ይሆናል፣ ከተረፈ ለሰኞ ቡና።

ሰኞ ጠዋት ደሞ ከስራ በፊት ሸራው መታጠቡን፣ ግቢው ውስጥ የደም ሽታ አለመቅረቱን አስተባባሪው ያረጋግጣል፣ አከራዩ በሚቀጥለው ዓመት እንዲፈቅድ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ከቤቱ ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ በምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል፣ ለሙስሊም ባልደረቦቻችንም ከሙስሊም ሆቴል ጥብስ ይታዘዛል፣ ትሪው ሁለት ይሆናል፣ ጠረጴዛው ግን አንድ ነው። ከዛ ቡና ይፈላል፣ የረቡዕና የአርብ ጾም ለሃምሳ ቀን ስለሌለ ሁሉም የሳምንቱን ምሳ ተራ ይይዛል፣ እኔም ደብተሬን አውጥቼ የአረፋን ተመዝጋቢዎች እጀምራለሁ።