የመንግሥትና የግል ሕክምናን በአገሮች መካከል እንዴት ማወዳደር ይቻላል

«የእንግሊዝ ሕክምና የመንግሥት፣ የአሜሪካ የግል ነው» ብሎ የሚጀምር ንጽጽር ገና ከመነሻው ይሳሳታል። እንግሊዝ ውስጥ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚያየው የቤተሰብ ሐኪም በአብዛኛው የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለም፤ ከብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ ከኤንኤችኤስ ጋር ውል ገብቶ የራሱን ክሊኒክ የሚያስተዳድር ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ1965 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሜዲኬር በዋነኛነት ዕድሜያቸው 65 የሞላቸውን፣ ሜዲኬይድ ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነውን በመንግሥት ገንዘብ ያሳክማሉ። የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎችም ሕንፃቸው የመንግሥት፣ ሐኪሞቻቸውም የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። አንድን አገር በአንድ ቃል ከመፈረጅ በፊት ቃሉን ራሱን መበተን ያስፈልጋል።

መጀመሪያ፦ ሦስት ዓምድ ይሥሩ

ለእያንዳንዱ አገር ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ይመልሱ፦ ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው? ሆስፒታሉና ክሊኒኩ የማን ነው? ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው? ሦስቱ መልሶች አንድ ዓይነት የሚሆኑበት አገር ጥቂት ነው።

ካናዳን ይውሰዱ። ለሐኪምና ለሆስፒታል የሚከፍለው የየግዛቱ መንግሥት ነው። ሐኪሞቹ ግን በአብዛኛው በግላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ ክፍያቸውም በግዛቱና በሐኪሞች ማኅበር ድርድር ይወሰናል። ጃፓን ውስጥ ከ1961 ጀምሮ ሁሉም ሰው መድን አለው፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎች የግል ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሕክምና ዋጋ ግን በየሁለት ዓመቱ በሚከለሰው የመንግሥት ተመን የተቆረጠ ነው። የግል ሆስፒታል በበዛበት አገር ወጪው ያልናረበት አንዱ ምክንያት ይህ ሦስተኛው ዓምድ ነው። ብዙ ንጽጽሮች የሚዘሉትም እሱኑ ነው።

ኔዘርላንድስ ከ2006፣ ስዊዘርላንድ ከ1996 ጀምሮ መሠረታዊ መድን መግዛትን ለሁሉም ግዴታ አድርገዋል። ሻጮቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አይደሉም፤ ሆኖም የታመመን ሰው «አንቀበልም» ማለትም ሆነ በሕመሙ ምክንያት አረቦን (ለመድኑ በየጊዜው የሚከፈለውን) መጨመር በሕግ አይችሉም። ከ1883 የሚነሣው የጀርመን የሕመም መድን ፈንድ ሥርዓት ደግሞ «የመንግሥት» በሚለውም «የግል» በሚለውም ቃል አይገባም፤ ፈንዶቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩና ከአሠሪና ከሠራተኛ መዋጮ የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ በከፋዩ ዓምድ ውስጥ ቢያንስ አራት ምርጫ ያስገቡ፦ ግብር፣ ማኅበራዊ መድን፣ በግዴታ የሚገዛ መድን፣ በፈቃድ የሚገዛ መድን። ከኪስ የሚከፈለው ለብቻው ይቆማል።

በባለቤትነት ዓምድ ላይ የሆስፒታሎችን ቁጥር ሳይሆን የአልጋን ብዛት ይቁጠሩ። ጀርመን ውስጥ በቁጥር ካየን ለትርፍ የተቋቋሙት ሆስፒታሎች ወደ 40 በመቶ ይጠጋሉ፤ በአልጋ ካየን ግን ድርሻቸው 20 በመቶ ገደማ ነው፣ ግማሽ ያህሉ አልጋ በመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋሙትንም (የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ሆስፒታሎችን) ከትርፍ ሆስፒታሎች ጋር «የግል» ብሎ ማጨቅ ሥዕሉን ያበላሻል።

የገንዘቡን ቁጥር ሲያነቡ

ቁጥሮቹን ከዓለም ጤና ድርጅት የጤና ወጪ ቋት ወይም ከኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት (ኦኢሲዲ) ይውሰዱ፤ ሁለቱም በ2011 በወጣው የጋራ የጤና ሒሳብ አያያዝ ይመራሉ። ያም ሆኖ ወጥመዱ ብዙ ነው።

ትልቁ «መንግሥትና ግዴታዊ መድን» የሚለው ዓምድ ነው። የስዊዞች የግዴታ መድን እዚህ ውስጥ ይገባል። አሜሪካ ከ2014 ጀምሮ መድን መያዝን በሕግ ስታስገድድ አብዛኛው የግል መድን ወደዚሁ ዓምድ ተዛወረና ድርሻው ከግማሽ አካባቢ በአንድ ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ተመዘገበ። ሆስፒታሉም፣ መድን ሻጩም፣ ዋጋውም እንደነበሩ ናቸው፤ የተለወጠው ምደባው ነው። ይህን ሳያውቅ የዓመታቱን ግራፍ የሚሥል ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ አብዮት የተካሄደ ይመስለዋል።

ሁለተኛው መለኪያው የሚካፈልበት ቁጥር ነው። «ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ይህን ያህል በመቶ» የሚለው መለኪያ ምርቱ በተነፋበት አገር ያሳስታል። አየርላንድ ውስጥ የውጭ ኩባንያዎች ትርፍ ምርቱን ስለሚያገዝፈው የጤና ድርሻው ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል፤ የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለዚሁ ሲል ያስተካከለውን የብሔራዊ ገቢ መለኪያ ይጠቀሙ። የነፍስ ወከፍ ወጪ ሲያወዳድሩ ደግሞ የባንክ ምንዛሪን ትተው በመግዛት አቅም የተስተካከለውን ይያዙ፤ የነርስ ደመወዝ በምንዛሪ አይለካም።

ሦስተኛ፣ ድርሻና መጠን ይለያያሉ። አሜሪካ ከምርቷ 17 በመቶ ገደማ ለጤና ታወጣለች። ከዚህ ውስጥ የመንግሥቱ ክፍል ብቻ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ፣ ሁሉንም ዜጋ ከሚሸፍኑ በርካታ ሀብታም አገሮች የመንግሥት ወጪ ይበልጣል። «መንግሥት ስለማያወጣ ነው» የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ መመርመር ያለበት የአገልግሎቱ ዋጋና የአስተዳደሩ ወጪ ነው።

የአገር አማካይም ይደብቃል። ካናዳ ውስጥ ከጠቅላላ ወጪው 70 በመቶ ያህሉ የመንግሥት ነው፤ ቀሪው 30 በመቶ ግን በሁሉም አገልግሎት ላይ እኩል የተበተነ ሳይሆን ከሆስፒታል ውጭ በሚገዛ መድኃኒት፣ በጥርስና በዓይን ሕክምና ላይ የተከማቸ ነው። የልብ ሕመምተኛውና የጥርስ ሕመምተኛው በአንድ አገር እየኖሩ የተለያየ ሥርዓት ውስጥ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሕመምተኛ ይፍጠሩና ሒሳቡን ይሥሩ

ከማንኛውም ሰንጠረዥ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ነው። ሦስት ሰዎችን ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፦ ኢንሱሊን የሚወስድ የ30 ዓመት ሰው፣ የዳሌ መገጣጠሚያ መቀየር ያለባት የ70 ዓመት ሴት፣ ጥርሱን የታመመ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ። እያንዳንዳቸውን በየአገሩ ይዘው ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው ደረሰኝ ይሂዱ። የጤናማ ዓመቱንና የሕመም ዓመቱን ወጪ ለየብቻ ያስሉ፤ ሲታመሙ ብዙ የማያስከፍል ሥርዓት ጤነኛ ሳሉ በግብር ወይም በአረቦን ያስከፍላልና።

ስዊዘርላንድን እንሥራ። አዋቂ ሰው መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ራሱ የሚሸፍነውን ወጪ ከ300 እስከ 2,500 ፍራንክ ባለው ክልል ይመርጣል። ከዚያ በላይ ካለው ሒሳብ 10 በመቶውን ይከፍላል፤ ይህ 10 በመቶ ግን በዓመት ከ700 ፍራንክ አያልፍም። 300ውን የመረጠ ሰው የ5,000 ፍራንክ ሕክምና ቢያገኝ፦ 300፣ ሲደመር የ4,700 10 በመቶ ማለትም 470፣ በድምሩ 770 ፍራንክ። ሕክምናው 20,000 ቢሆንስ? 10 በመቶው 1,970 ይሆን ነበር፤ ጣሪያው 700 ስለሆነ በድምሩ 1,000 ብቻ ይከፍላል። አረቦኑ ከዚህ ውጭ በየወሩ ይከፈላል፤ መጠኑም ገቢን አይከተልም፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ግን ድጎማ አለ። ጀርመን ውስጥ በአንጻሩ የሕመም መድኑ መዋጮ ከደመወዝ 14.6 በመቶና ተጨማሪ መዋጮ ሆኖ አሠሪና ሠራተኛ ይካፈሉታል፤ ደመወዙ የጨመረ ሰው እስከ ሕጉ ጣሪያ ድረስ መዋጮውም ይጨምራል።

ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2025 ሕመምተኛው በቅድሚያ የሚሸፍነው 385 ዩሮ ነው፤ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ መሄድ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ይህች ትንሽ ነጥብ ሰው ገና በጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ የተደረገች ስለሆነች ከሒሳቡ አይጣሏት። እንግሊዝ ውስጥ ለዳሌ ቀዶ ሕክምናው በኤንኤችኤስ በኩል አይከፈልም፤ ለመድኃኒት በአንድ ዓይነት 9.90 ፓውንድ ይጠየቃል፣ ኢንሱሊን የሚወስደው ሰው ግን ነፃ ነው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የመድኃኒቱን ክፍያ ጨርሰው አንሥተውታል፤ ስለዚህ «ብሪታንያ» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ስሕተት ነው። ጃፓን ውስጥ አብዛኛው ሰው 30 በመቶ ይከፍላል፤ በገቢ የሚወሰን ወርኃዊ ጣሪያም አለ፤ ጣሪያውን ረስቶ 30 በመቶውን ብቻ የጻፈ ሰው ከባድ ቀዶ ሕክምናን ከእውነቱ ብዙ እጥፍ ያስወድደዋል።

ሲንጋፖር ላይ ሲደርሱ ጥንቃቄ ይጨምሩ። ሜዲሴቭ ከ1984 ጀምሮ ሠራተኛው በስሙ የሚያጠራቅመው የግዴታ ቁጠባ ነው። በላዩ ለሁሉም የሆነው ሜዲሺልድ ላይፍ የተባለው መድን (ከ2015)፣ ከዚያም መክፈል ለተሳነው የተቋቋመው ሜዲፈንድ አለ። የመንግሥት ሆስፒታል ክፍሎችም በደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ በሲ ደረጃ የተኛ ሰው እንደ ገቢው ድጎማው እስከ 80 በመቶ ይደርሳል፣ በኤ ደረጃ ግን ድጎማ የለም። ሥርዓቱን «ቁጠባ ነው» ብለው የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ከባድ ድጎማ ይዘነጉታል።

ወረፋ

የወረፋ ቁጥር ሲያገኙ መጀመሪያ ሰዓቱ ከየት እንደሚጀምር ይጠይቁ። የእንግሊዝ 18 ሳምንት የቤተሰብ ሐኪሙ ሪፈራል ሆስፒታሉ ዘንድ ከደረሰበት ወይም ሕመምተኛው በሪፈራሉ የመጀመሪያ ቀጠሮውን ከያዘበት ይቆጠራል፤ ከሚጠብቁት 92 በመቶው በዚህ ጊዜ ውስጥ መሆን አለባቸው የሚለው ግብ ከ2016 ወዲህ አልተሟላም። የካናዳ 26 ሳምንት የዳሌና የጉልበት ቅየራ መለኪያ ግን የሚነሣው ቀዶ ሕክምናው ከተወሰነ በኋላ ነው፤ ስፔሻሊስቱን ለማየት የጠፋው ጊዜ አይቆጠርም። 18ን ከ26 ማወዳደር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ ይዩ፦ በዚህ ወር ታክመው የወጡት ናቸው ወይስ እስካሁን የሚጠብቁት? ሆስፒታሎች አጫጭር ጉዳዮችን አስቀድመው ሲጨርሱ የመጀመሪያው ቁጥር ያምራል፣ ሁለተኛው ይረዝማል። አማካይ ብቻ ሳይሆን መካከለኛውን ቁጥር (ግማሹ ሰው ከሱ ያነሰ፣ ግማሹ ከሱ የበለጠ የጠበቀበትን) እና ከስድስት ወር በላይ የጠበቁትንም ድርሻ ይጻፉ።

መድን የሌለው ሰው በየትኛውም የወረፋ መዝገብ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ከወረፋው አጠገብ «በገንዘብ ምክንያት ሕክምና የተዉ» የሚለውን የቤት ለቤት ጥናት መልስ ያስቀምጡ። ከኪስ በሚወጣ ወጪም እንዲሁ ነው፦ ከቤተሰቡ ወጪ ወይም ገቢ 10 ወይም 25 በመቶ ያለፈ የሕክምና ወጪን «አሰቃቂ» የሚለው መለኪያ፣ ከድህነቱ የተነሣ ጭራሽ ሐኪም ዘንድ ያልሄደውን ሰው ወጪ ዜሮ ብሎ ይመዘግበዋል።

ውጤት

አማካይ ዕድሜን ለሕክምና ሥርዓት ማስረጃ አድርገው አይጠቀሙበት። አመጋገብ፣ ትምባሆ፣ የመኪና አደጋና የጦር መሣሪያ ከሆስፒታሉ በላይ ይወስኑታል። ለዚህ የተሻለው «በሕክምና ሊገታ የሚችል ሞት» ነው፦ ከ75 ዓመት በታች፣ በወቅቱ ቢታከሙ ኖሮ መሞት ካልነበረባቸው በሽታዎች የሚደርስ ሞት፣ በዕድሜ ስብጥር ተስተካክሎ።

የካንሰር የአምስት ዓመት የመትረፍ መጠን በተለይ ያታልላል። አንድ ሰው በ67 ዓመቱ በካንሰር ሞተ እንበል። በ64 ዓመቱ ቢታወቅበት «አምስት ዓመት አልኖረም» ይባላል፤ ሌላ አገር በቅድመ ምርመራ በ60 ቢያገኘው «አምስት ዓመት ኖረ» ተብሎ ይቆጠራል። የሞተበት ቀን ያው ነው። ከመትረፍ መጠኑ ጎን የሞት መጠኑንም ሲያስቀምጡ ልዩነቱ ይገለጣል። በሕፃናት ሞት ላይ ደግሞ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን የመመዝገብ ልማድ ስለሚለያይ ቢያንስ 22 ሳምንት ወይም 500 ግራም የሞላቸውን ብቻ የያዘውን ቁጥር ይውሰዱ።

መንግሥቱና ግሉ የሚገናኙበት ስፌት

የግሉን ዋጋ ከመንግሥቱ ጋር ሲያነጻጽሩ ማን ማንን እንደሚያክም ይዩ። የግል ሆስፒታሎች በብዙ አገር የዓይን ሞራና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምናን የመሰለ አስቀድሞ የሚታቀድ ሥራ ይመርጣሉ፤ ድንገተኛው፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍሉና ብዙ ተጓዳኝ በሽታ ያለው አዛውንት ለመንግሥት ይቀራሉ። ችግር የገጠመው የግል ሕመምተኛም ብዙ ጊዜ ወደ መንግሥት ይላካል። የአንድ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ከሕመሙ ክብደት ጋር ካልተስተካከለ ርካሽነቱ ምንም አይነግርም።

ከዚያ ሰውን ወደ ግል መድን የሚገፋውንና የሚስበውን ሕግ ይፈልጉ። አውስትራሊያ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ 2 በመቶ የሜዲኬር ግብር ትሰበስባለች (ይህ ሜዲኬር ከአሜሪካው ጋር ስሙ ብቻ የሚገጥም፣ የአውስትራሊያ የመንግሥት የጤና መድን ነው)፤ ገቢው ከፍ ያለ ሆኖ የግል ሆስፒታል መድን ያልገዛ ሰው ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ተጨማሪ ይከፍላል። ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ዘግይቶ የሚገዛ ደግሞ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ዓመት 2 በመቶ በአረቦኑ ላይ ይጨመርበታል። ስለዚህ እዚያ የግል መድን የበዛው ሰው ወዶ ነው ወይስ ቅጣት ሸሽቶ የሚለውን ሳይለዩ «ሕዝቡ ግሉን መረጠ» አይበሉ። ጀርመን ደመወዙ ከተወሰነ ጣሪያ ያለፈ ሠራተኛ ወደ ግል መድን እንዲወጣ ትፈቅዳለች፤ ከ55 ዓመት በኋላ መመለስ ግን እጅግ ይከብዳል። ወጣትና ጤናማ ባለ ደመወዝ ሲወጣ በጋራው ፈንድ ውስጥ የሚቀረው ማን እንደሆነ ያሰሉ።

በመጨረሻ ሰንጠረዥዎ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የየትኛው ዓመት ነው፣ ትርጉሙ ምንድን ነው፣ የዕድሜ ስብጥርን አስተካክሏል ወይስ አላስተካከለም። የ2020 እና የ2021 ቁጥሮችን ከኮቪድ ወጪና ሞት የተነሣ ለብቻ ምልክት ያድርጉባቸው። ትርጉሙ ያልተገኘለትን የሰንጠረዥ ሣጥን ባዶ ይተዉት።