የድሮ ቱርቦ መኪና ላላችሁ፦ ከቺፑ በፊት ሳሙና ውሃ

የድሮ ቱርቦ ናፍጣ ይዛችሁ እንጦጦ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ጉልበት ካጣባችሁ፣ ትልቅ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው) ልግዛ ብላችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የቱርቦውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ እዩ። የእኔ ከላይ ሲያዩት ሰላም ነው፣ ለካ ከስር፣ ክላምፑ የሚያስርበት ጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረችው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ በቱርቦው መግቢያ በኩል ከኮምፕረሰር ግማሽ ባር የሚሆን አየር አስገቡና መገጣጠሚያዎቹን ሳሙና ውሃ ቀቧቸው። አረፋ የወጣበት ቦታ ላይ ነው ጉልበታችሁ የሚባክነው። የአየር ፊልትሮውንም አብራችሁ ቀይሩ። የኋላዋን ማርሚታ ብቻ መቀየር ግን ከጉልበት ይልቅ ድምፅ ነው የሚጨምረው (ጎረቤት ይታዘባችኋል)። ጉልበት ለመጨመር የሞተሩን የኮምፒውተር ፕሮግራም ማስቀየር (ቺፕ የሚሉት) ካማራችሁ ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ የፍሪሲዮን ብርም ለብቻ አስቀምጡ፣ ያረጀ ፍሪሲዮን የተጨመረውን ጉልበት አይችልም፣ ይንሸራተታል።