የፎቶ ሳይታችሁ ቁጥር አልገጥም ሲል

ባሕር ዳር ሆነን የፎቶ ማጋሪያ ሳይት ስንሠራ ያደከመን ፎቶውን ማስቀመጡ አይደለም። ማን ምን አየ የሚለውን መቁጠሩ ነው። ተጠቃሚው ጥቂት እያለ ሁሉም ይገጥማል። በጥምቀት ሰሞን ከደብረ ማርቆስም ከእንጅባራም ፎቶ ሲጎርፍ ግን የተደበቀው ስህተት ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ያጋጠመንን በየምልክቱ ልንገራችሁ።

ችግር፦ እይታው ከተገቢው በላይ ይበዛል

ይሄ ብዙ ቀን አባክኖብናል። በመጨረሻ አንድ ስልክ ይዘን ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ሄድን። መንገድ ላይ አንድ የጢስ ዓባይ ፎቶ አንዴ ብቻ ከፈትን። ተመልሰን ሎጉን (ሰርቨሩ የሚይዘውን መዝገብ) ስናይ ያቺ አንዷ እይታ ሦስት ጊዜ ተመዝግባለች፣ ሰዓቱም እስከ ሴኮንዱ አንድ ነው።

ምክንያቱ ኔትወርክ ነው። ስልኩ ኢቨንቱን፣ ማለትም «ይህ ፎቶ ታየ» የሚለውን መልእክት ይልካል፣ ሰርቨሩም ተቀብሎ ይጽፈዋል፤ ግን «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ስልኩ ጋ ሳይደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ስልኩ አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል። ስልኩ አላጠፋም፣ ባይደግም ኖሮ ብዙ እይታ ይጠፋብን ነበር።

መፍትሄው ለእያንዳንዱ ኢቨንት ስልኩ ላይ እንደተፈጠረ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነው። ሲደገም ያው ቁጥር ይሂድ፣ ሰርቨሩም ያንኑ ቁጥር ሁለቴ አይቁጠር። እኛ መጀመሪያ በተላከ ቁጥር አዲስ መለያ እናወጣ ስለነበር ማጣሪያው ምንም አልያዘም። «ያው ሰው፣ ያው ፎቶ፣ ያው ቀን» እያላችሁም አታጣሩ። ሰው የወደደውን ፎቶ ተመልሶ ያያል፣ ያ እውነተኛ እይታ ነው። ክሊክሃውስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ሪፕሌሲንግመርጅትሪ የሚባለው የሠንጠረዥ ዓይነቱ የተደገመውን የሚያጸዳው ከጀርባ፣ በራሱ ጊዜ ነው። አሁኑኑ ከጠየቃችሁት የተደገመውም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል ወይ ጥያቄው ላይ ፋይናል (FINAL) የሚለውን ቃል ጨምሩ፣ ወይ ልዩ መለያዎችን ቁጠሩ።

ችግር፦ ማንም ያላየው ፎቶ ታየ ይላል

ከምስል ሰርቨሩ ሎግ ላይ እየቆጠራችሁ ነው። ሳይቱ ከስክሪኑ በታች ያሉትን ፎቶዎች ቀድሞ ይጭናል፤ በተቃራኒው ስልኩ ካሼ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ላይ ያለ ፎቶ ሲታይ ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ጭራሽ አይደርስም። ስክሪን ላይ ምን እንደሚታይ በሚከታተለው የብራውዘር መሣሪያ፣ በኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር፣ የፎቶው ግማሽ ለ1 ሴኮንድ ስክሪን ላይ ሲቆይ ብቻ ቁጠሩ።

ችግር፦ የተጠቃሚው ቁጥር አንዴ ያንሳል፣ አንዴ ይበዛል

በአይፒ (በኢንተርኔት አድራሻ) አትቁጠሩ። በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ሰው በአንድ አይፒ ይወጣል፣ የአንድ ሰው አይፒም በቀን ውስጥ ይቀያየራል። በአካውንት ቁጠሩ። ሳይገባ ለሚያየው ሰው ኩኪ (ሳይቱ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ) ላይ ቁጥር አስቀምጡና ሲገባ ከአካውንቱ ጋር አገናኙት። አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ግን ብዙ ደንበኛ በአንድ ኮምፒውተር እየተፈራረቀ ይገባል፤ ስለዚህ አንዱ ሲወጣ የኩኪው ቁጥር ይታደስ።

ችግር፦ የበዓሉ ፎቶ በዋዜማው ይቆጠራል

የከተራ ሌሊት ሰው ታቦቱ ካደረበት አይለይም፣ ፎቶም ሌሊቱን ሙሉ ይለቀቃል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተለቀቀው ግን ጥር 10 ላይ ተደምሮ አገኘነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው የሚሠራው። የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ደግሞ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው።

ማስቀመጡን በዩቲሲ ተዉት፣ ቀኑን ስትደምሩ ግን በአዲስ አበባ የሰዓት ቀጠና ይሁን። ሁለት ሰዓት መዝግቡ፦ ስልኩ ያለውንና ሰርቨሩ የተቀበለበትን። ሰዓቱ የተዛባ ስልክ ከ1970 እ.ኤ.አ. የመጣ ኢቨንት ሊልክላችሁ ይችላል፤ ያኔ የሰርቨሩን ውሰዱ።

ችግር፦ ዳሽቦርዱ (ቁጥሮቹን የምናይበት ገጽ) ሲከፈት ሳይቱ ይንቀራፈፋል

ገጹን የሚያቀርበው ዳታቤዝ ራሱ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር እያነበበ ነው። ኢቨንቱን ለብቻው አድርጉት፣ በየሰዓቱም ደምራችሁ አስቀምጡ። እይታ ይደመራል። ልዩ ተጠቃሚ ግን አይደመርም፣ ሰኞም ማክሰኞም የመጣው ሰው ሁለት ይሆናላችኋል። ለዚህ ልዩ ተጠቃሚን በግምት የሚቆጥር ሃይፐርሎግሎግ የሚባል ዘዴ አለ። ሬዲስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ አንዱ ቆጣሪ ቢበዛ 12 ኪሎባይት ይይዛል፣ ስህተቱ 0.81 በመቶ ገደማ ነው፣ የቀናቱንም ሳይደግም ያዋህዳል። ለግራፍ ከበቂ በላይ ነው።

ለክፍያ ግን በግምት አትሥሩ። በእይታ የምትከፍሉ ከሆነ ከጥሬው መዝገብ አንድ በአንድ ቁጠሩ፣ ቀርፋፋም ቢሆን። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ለማንሳት ከንጋት ጀምሮ ብርድ ላይ የቆመ ልጅ አንዲት እይታ እንኳ ልትጎድልበት አይገባም።